ያኔ እምቢ ስንል

እምቢ የሚለው ቃል ለእኔ የበቅሎ ላብ ይሸተኛል። ለሌላው ቁጣ ወይም ኩርፊያ ይሆንበት ይሆናል። እኔ ግን ቃሉን ስሰማ ቀድሞ የሚመጣብኝ ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ያለ ቁልቁለት፣ ዝናብ ያራሰው ኮርቻና የአያቴ ድምፅ ነው። አያቴ ዳማ በቅሎ ነበረቻት። ደግ በቅሎ ናት፤ ልጅ ጭራዋን ቢጎትታት ዝም ትላለች። አንዳንድ ቀን ግን ወንዝ ዳር ስንደርስ ሁለት ጆሮዋን ወደ ፊት ቀስራ ትቆማለች። ቆመች ማለት ቆመች ነው። «እምቢ አለች እንግዲህ» ትላለች አያቴ፣ ሳትቆጣ፣ ሳትቸኩል። ከዚያ ትወርዳለች፤ ነጠላዋን ታጣፋለች፤ ከመቀነቷ ጫፍ ቋጠሮ ፈትታ የገብስ ቆሎ ታወጣለች። ግማሹ ለእኔ፣ ግማሹ በመዳፏ ለበቅሎዋ።

አለንጋ በእጇ ነበር። በዚያች ሰዓት ግን አታነሳውም። «የበለዓም አህያ ምን አይታ ነበር የቆመችው?» ብላ ትጠይቀኛለች። እኔም መልሱን አውቀዋለሁ፤ አህያዪቱ ሰይፉን የመዘዘ መልአክ መንገድ ዘግቶ ታያለች፤ በላይዋ የተቀመጠው ጌታዋ ግን አንዳች ሳያይ ይደበድባታል። «ይችም እኛ ያላየነውን አይታ ይሆናል፤ እንጠብቃት» ትላለች። እንጠብቃታለን። ወንዙ ጭቃ ጭቃ ይሸታል፤ ከላይ በጮቄ በኩል ደመናው ጠቁሯል። አንዳንዴ እውነትም እያየነው ውሃው ይሞላና ሳንሻገር እንመለሳለን። አንዳንዴም ምንም አይመጣም፤ በቅሎዋ ቆሎዋን ጨርሳ፣ አፍንጫዋን ነፍታ፣ በገዛ ፈቃዷ ትሻገራለች። አያቴ ለሁለቱም ቀን ፊቷ አንድ ነበር።

ቤታችን ውስጥ ደግሞ የእምቢ ዓይነቱ ብዙ ነው። ቡና ሲፈላ የመጣ እንግዳ ዝም ብሎ አይቀበልም። «ኧረ አሁን ጠጥቼ ነው የወጣሁት» ይላል። እናቴ «በሞቴ!» ትላለች። «ኧረ ተይኝ፣ እቸኩላለሁ» ይላል፣ መደቡ ላይ እየተመቻቸ። «አፈር ስሆን! አቦሉን ብቻ» ትላለች። ከዚያ አቦሉ ይጠጣል፤ ቶናው ይከተላል፤ በረካው ሳይደርስ የሚነሳ የለም። እኛ ልጆች ጉዝጓዙ ላይ ተቀምጠን፣ የዕጣኑ ጭስ ዓይናችንን እያቃጠለን፣ ማን ስንት ጊዜ እንደሚለመን እንቆጥር ነበር። ልመናው ካነሰ እንግዳው ይከፋዋል፤ ቶሎ እሺ ካለም ቤተኛው ሁሉ ይታዘበዋል።

ታዲያ እናቴ እውነተኛውን እምቢ ከወጉ እምቢ የምትለይበት ጆሮ ነበራት። አንድ ቀን አንድ ዘመዳችን መጥቶ ጉርሻ ስትዘረጋለት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «እምቢ፣ ስእለት አለብኝ» አላት። አንድም «በሞቴ» ሳትጨምር ጉርሻዋን መለሰች፤ ውሃ ቀድታ አቀረበችለት፤ ስለ ሌላ ነገር አወራችው። እንዴት አወቅሽ ብላት «እውነተኛዋ አጭር ናት» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ በዚያ ሚዛን ሰው ሳዳምጥ ኖሬያለሁ፤ ብዙም አላሳሳተኝም።

ከአጥራችን ማዶ ከአድዋ የመጡ ጎረቤት ነበሩን፤ ባላቸው አስተማሪ ነው። ትንሹ ልጃቸው ምግብ አልበላም ሲል ሳህኑን ይዘው እኛ ግቢ ድረስ ይከተሉታል፤ «እዚ ቆልዓ ኣብዩኒ!» እያሉ። እናቴ ሳቋን እየዋጠች ልጁን አቅፋ ከእኛ ትሪ ታጎርሰዋለች፤ ከሰው ትሪ ሲሆን ይበላል። እኔ «ኣብዩኒ» የምትለዋን ቃል ወደድኳት። እምቢ አለኝ ማለት እንደሆነ ነገሩኝ፤ ግን ከእምቢ ጋር ምን እንደሚያዛምዳት ያን ጊዜ ማን ያውቃል።

ዝምድናዋን ያገኘሁት የኔታ ጎጆ ነው። እኔ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ነበርኩ፤ የአክስቴ ልጅ ግን የቆሎ ተማሪ ነው። ክረምት ላይ እሱን ተከትዬ ማታ ማታ ከየኔታ ዘንድ እሄዳለሁ። ጎጆው ውስጥ የረጠበ ደበሎ፣ የባሕር ዛፍ ጭስና የተቆላ ሽምብራ ይሸታል። ውጭ ዝናቡ የሣሩን ክዳን ይደበድባል፤ ውስጥ ተማሪዎቹ ግስ ይገስሳሉ። የኔታ ግዕዙን ይጠራሉ፤ ተማሪው ትርጉሙን በአማርኛ፣ እርባታውን በግዕዝ ይመልሳል።

«አበየ?»
«እምቢ አለ!»
«ካልአዩን!»
«የአቢ!»
«ዘንዱን!»
«ይእበይ!»

እኔ ጥግ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ የአድዋዋ ጎረቤታችን ድምፅ በጆሮዬ ገባ። ኣብዩኒ። እሳቸው ቡና እያፈሉ፣ ልጅ እያባረሩ የሚሉትን የኔታ ከብራና መጽሐፍ አውጥተው እያስነበቡ ነው! ለካ ቃሏ ትግርኛ ውስጥ ሙሉ ሰውነቷን ይዛ ቀርታ፣ እኛ ዘንድ ግን ሌላ መልክ ይዛለች። ለአክስቴ ልጅ በሹክሹክታ ነገርኩት፤ እሱም ለየኔታ ነገራቸው። የኔታ ሳቁና ወደ እሳቱ ቀረብ እንድል ጠሩኝ። መዳፋቸው ላይ ሽምብራ ነበር፤ ዘገኑልኝ። «በል እንግዲህ፣ እኔ ብሆንስ ምን እላለሁ?» አሉ። ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ «እአቢ!» አሉ። «ምን ማለት ነው?» «እምቢ እላለሁ!» የኔታ ቀስ ብለው፣ እየደጋገሙ፣ ፊደሉን በአፋቸው ውስጥ እያላወሱ አሰሙኝ፤ እአቢ፣ እአቢ፣ እንቢ። ሌላ ማብራሪያ አልጨመሩም። ሽምብራውን እየቆረጠምኩ ዝም ብዬ ቀረሁ።

ኋላ ሳድግ ነገሩን ከመዝገበ ቃላትና ከቋንቋ ሰዎች ጽሑፍ ስከታተለው የየኔታ ሽምብራ ጣዕም አፌ ላይ ይመጣል። የግዕዙን መዝገበ ቃላት ክፍለ ጊዮርጊስ ጀምረውት፣ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ዕድሜያቸውን ሰጥተውት፣ እሳቸውም ሳያዩት ካረፉ በኋላ ደቀ መዝሙራቸው ደስታ ተክለ ወልድ በ1948 ዓ.ም. ለኅትመት ያበቁት መጽሐፍ ነው። መጽሐፉን ስገልጠው ሦስት ሰዎች ተቀባብለው የተሸከሙት መሆኑ ሁልጊዜ ልቤን ይነካኛል። አበየ በግዕዝ ዘመዶች፣ በአረብኛም በዕብራይስጥም አለ። አረቡ እንደኛው እምቢታ አድርጎ ይዞታል። ዕብራይስጡ ግን ፈቀደ፣ ወደደ ይልበታል፤ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ አፍራሽ ቃል አስቀድሞ፣ አልፈቀደም፣ አልወደደም ለማለት ነው የሚጠራው። በእንቢ መሐል የገባችው ን ደግሞ እንግዳ አይደለችም። ዕብራይስጡ ሻባት የሚለውን ግዕዙ ሰንበት ብሎት የለ? ብ ስትጠብቅ ን ሾልካ ትገባለች። ከብ ፊት የቆመች ን ደግሞ በአፍ ላይ ወደ ም ታዘነብላለች፤ አንበሳ ብለን ጽፈን አምበሳ ብለን እንደምንጠራው ሁሉ። ስለዚህ አንዱ እንቢ፣ ሌላው እምቢ ብሎ ቢጽፍ ሁለቱም ልክ ናቸው።

ከዚህ ሁሉ እኔን የያዘኝ ግን ያቺ «እ» ናት። እአቢ ሲል በቃሉ መጀመሪያ ላይ የቆመው «እኔ» ነው። አይሆንም ስንል ባለቤት የለውም፤ ማን እንዳልፈቀደ አይታወቅም። አልተቻለም ስንል እንዲያውም ሁላችንም ከነገሩ ወጥተናል። እምቢ ያለ ግን ራሱን ይዞ ቆሟል። «እምቢ አለች» ስንል እንኳ የእሷን አፍ መጥቀሳችን ነው፤ እኔ አልፈቅድም አለች ማለታችን ነው። አያቴ ይህን ግስ አልተማረችም። በቅሎዋን ግን እንደ ባለ አፍ ቆጥራ «እምቢ አለች» ስትል፣ ከዚያም ወርዳ ስትጠብቃት፣ ከየኔታ ትምህርት የራቀች አትመስለኝም።

የአክስቴ ልጅ ያስተማረኝ ሌላም ነገር አለ። ቁራሽ ለመለመን አኮፋዳውን አንግቶ በየደጁ ሲቆም «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ውሻው ይጮኻል፤ አጥሩ ውስጥ እናት ብቅ ትላለች። እንጀራ ካለ ቁራሽ ይዛ ትመጣለች። ከሌለ «እግዜር ይስጥህ፣ ተሜ» ትላለች እንጂ እምቢ የሚል ቤት አጋጥሞት አያውቅም። ለለማኝ እምቢ አይባልም፤ የሌለውን የሚሰጥ ሌላ እንዳለ ይነገረዋል፤ ተሜም መርቆ ያልፋል። አንዳንዷማ «እግዜር ይስጥህ» ብላ ከመለሰችው በኋላ ልቧ አላስችል ብሏት፣ ልጇን ለራሷ ከሸሸገችው ቆሎ አስይዛ ከኋላው ትልከዋለች። ያን ልጅ ሆኜ ሮጫለሁ፤ በጭቃ ላይ በባዶ እግሬ፣ ቆሎው በጨበጥኩት እጄ ውስጥ ሞቆ።

አሁን ደግሞ ስለ ጋብቻ ሽማግሌዎች ላውራችሁ። ጎረቤት ያለች ልጅ ስምንተኛ ክፍል ትማር ነበር፤ ሲበዛ ቆንጆ፣ ሲበዛ ዝምተኛ። አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ነጭ በነጭ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች መቋሚያቸውን ይዘው ግቢያቸው ገቡ። «ተቀመጡ» ሲባሉ «ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» ብለው ቆሙ፤ ወጉ እንዲያ ነው። እኛ ልጆች በአጥሩ ቀዳዳ ዓይናችንን ደቅነናል። አክስቴ ከእኛ አጠገብ ምጣድ ታጥብ ነበር። አባትየው ነገሩን ሰምተው «ዘመድ ላማክር» ቢሉ ያልፍላቸው ነበር፤ ብዙ አባት እንደዚያ ብሎ ቀን ይቀጥራል። እሳቸው ግን ወደ ማድ ቤት ዞረው ልጅቱን ጠሯት።

እጇን ሳትታጠብ መጣች። ሁለት እጇ እስከ ክርኗ ሊጥ ነው፤ የጤፍ ሊጥ፣ ከጣቶቿ መሐል እየተንጠባጠበ። አንገቷን ደፍታ ቆመች። አባቷ «ሰዎቹ የመጡበትን ሰምተሻል፤ ምን ትያለሽ?» አሏት። ዶሮ ሲጭር ይሰማል፣ እንዲያ ያለ ዝምታ ሆነ። ልጅቱ መሬት መሬት እያየች «እምቢ» አለች። አጭር ነበረች። እናቴ የምትላት ዓይነት።

ከሽማግሌዎቹ ትልቁ አልተቆጡም። ጥቂት ዝም ብለው «ልጄ፣ በፊታችን ስለነገርሽን እግዜር ያክብርሽ» አሏት። አባትየው «እንግዲህ ተቀመጡ፤ ጉዳዩ ቢቀር ጠላው አይቀርም» አሉ። ተቀመጡ። ጠላው ተቀዳ፤ ስለ ዝናቡና ስለ ጤፉ ተወራ፤ ሲሄዱ ቤቱን መርቀው ሄዱ። አጠገባችን የነበረች አክስቴ ግን ምጣዱን ማጠብ አቁማ ነበር። ለረጅም ሰዓት ማጠቢያውን በእጇ ይዛ ወደዚያ ግቢ አየች። እሷም በዘመኗ እምቢ ብላ ነበር፤ ገና ጡቷ ሳያጎጠጉጥ። ሰሚ አላገኘችም። በዚያን ቀን ማታ ለዚያች ልጅ ከሳጥኗ ሻሽ አውጥታ ላከችላት። ለምን እንደሆነ አልተናገረችም፤ ማንም አልጠየቃትም። ዛሬ ያንን ዘመን ሳነሳ ሁሉ ነገር መልካም ነበር እንዳልል የሚከለክለኝ የአክስቴ ፊት ነው። ብዙ እምቢ ሜዳ ላይ ወድቆ ቀርቷል። ለዚህም ነው የተሰማው ሲሰማ እንዲያ የሚሞቀኝ።

ሚያዝያ 27 ሲመጣ ደግሞ ቃሏ ሌላ ልብስ ትለብሳለች። በሰፈራችን አንድ አርበኛ አዛውንት ነበሩ። በዚያ ቀን ካኪ ኮታቸውን ከሳጥን ያወጣሉ፤ ኮቱ ካምፎርና አሮጌ እንጨት ይሸታል። ሜዳሊያዎቹን በአመድ የሚወለውልላቸው ከእኛ ከልጆቹ አንዱ ነው፤ ተራ ይዘን ነበር የምንጠብቀው። ከዚያ ደጃቸው ላይ ቆመው ይፎክራሉ። ያ ከሲታ ሽማግሌ ከየት እንደሚያመጣው የማይታወቅ ድምፅ ይወጣዋል፤ «እምቢ!» ሲሉ የአጥሩ ወፎች ይነሳሉ። በሬዲዮ እምቢልታ ሲነፋ ልጆቹ ሁላችን ያ መሣሪያ ራሱ እምቢ የሚል ይመስለን ነበር። ሦስቱ እምቢልታዎች እየተቀባበሉ፣ አንዱ ሲያነሳ አንዱ ሲጥል፣ እኛም ሦስት ሦስት ሆነን በባዶ የሸንበቆ ቁራጭ እንነፋለን።

ፉከራው ካለፈ በኋላ አዛውንቱ ቁጭ ብለው ያጫውቱናል። በላይ ዘለቀ ለጣልያን አልገዛም ብሎ በጎጃም በረሃ ያሳለፋቸውን ዓመታት ይነግሩናል። እናታቸው በሶና ዳቦ ቆሎ ሰንቀው በሌሊት እንዴት እንደሸኟቸው ይነግሩናል፤ እዚህ ላይ ድምፃቸው ይሰበራል። አቡነ ጴጥሮስን ሲጠሩ ግን ባርኔጣቸውን ያወልቃሉ። አቡኑ አርበኞቹን ሽፍታ ብለው እንዲያወግዙ ሲጠየቁ እምቢ ብለው፣ ይልቁንም ለወራሪው የሚገዛውን አውግዘው፣ ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተደበደቡ። አዛውንቱ ይህን ሲጨርሱ ባርኔጣቸውን ወዲያው አይመልሱትም፤ ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ይዳብሳሉ። አሁን ፒያሳ አጠገብ በአቡኑ ሐውልት በኩል ሳልፍ እሳቸው ናቸው ትዝ የሚሉኝ።

በመጽሐፍ የመጣ እምቢም አለ፤ የአቤ ጉበኛን «አልወለድም» የሰጠኝ አንድ አስተማሪ ነው። መጽሐፉ በጃንሆይ ዘመን ታግዶ እንደነበር ነግሮኝ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ፣ «ሳታስነካ መልስልኝ» ብሎ ሰጠኝ። በማሕፀን ያለ ጽንስ ወደዚህ ዓለም አልመጣም ብሎ ሲከራከር በኩራዝ ብርሃን አነበብኩ። አቤ የጎጃም ሰው መሆኑ ያኮራኝ ነበር። ከሽፋኑ ይልቅ የጋዜጣው ሽታ ነው አብሮኝ የቀረው፤ አስተማሪው መጽሐፉን ስመልስለት ምንም ሳይጠይቀኝ ሌላ የተጠቀለለ መጽሐፍ ሰጠኝ።

አዲስ አበባ ስገባ ግጥም ይዤ ነው የገባሁት፤ እንደ ብዙው የጠቅላይ ግዛት ልጅ። አንድ የመጽሔት አዘጋጅ ዘንድ ወሰድኩት። ደረጃው ቀለምና ናፍጣ ይሸታል፤ ከላይ የአማርኛ ታይፕ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል። ሰውየው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ተቀበለኝና፣ ትተኸው ሂድ ይለኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ቁጭ በል» ብሎ እፊቴ ማንበብ ጀመረ። እስከ መጨረሻው አነበበ። ተመልሶ ከመጀመሪያው አነበበ። ከዚያ ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ዓይን ዓይኔን እያየ «አላወጣውም» አለኝ። «እምቢ ብያለሁ። ለምን እንደሆነ ልንገርህ?»

ጉሮሮዬ ደረቀ። እሱ ግን በሩን ከፍቶ ሻይ አዘዘ፤ ሁለት ሻይና ሁለት ቦምቦሊኖ። ቦምቦሊኖው ገና ትኩስ ነበር፤ ስኳሩ ጣቴ ላይ ተጣበቀ። ቀይ እስክሪብቶ አውጥቶ አንዷን ስንኝ አሰመረባት። «ይህ ዝናብ የማን ነው?» አለኝ። «አንተ ከየት ነህ?» ከደብረ ማርቆስ ነኝ አልኩት። «እንግዲህ ይህ ዝናብ የደብረ ማርቆስ አይደለም። ከሌላ ሰው ግጥም ነው የመጣው። ያንተን አምጣልኝ።» ከዚያ ስለ አገሬ ዝናብ ጠየቀኝ፤ በመጀመሪያ በየት በኩል እንደሚጠቁር፣ ሣር ክዳን ላይ ምን ዓይነት ድምፅ እንዳለው፣ በቆርቆሮ ላይስ። እየነገርኩት ቆየሁ። ስወጣ እስከ ደረጃው ድረስ ሸኝቶኝ አንድ ደስታ ባዶ ወረቀት ሰጠኝ። «ስትመለስ ደግሞ እምቢ ልልህ እችላለሁ» አለኝ፤ «ግን እነግርሃለሁ።» ተመልሼ ሄድኩ፤ ደግሞ እምቢ አለኝ፤ ደግሞ ሻይ አዘዘ። ያወጣልኝ ግጥም በስተኋላ መጣ። እውነቱን ለመናገር የወጣው ግጥም ዛሬ በቃሌ የለም፤ ያቺ ቀይ መስመር ግን አለች።

አሁን እምቢ የሚለኝ ሰው አጣሁ። አንድ ጉዳይ ይዤ አንድ መሥሪያ ቤት ብሄድ «ሂደት ላይ ነው» ይሉኛል። «ሰሞኑን እንደውልልዎታለን» ይሉኛል፤ በፈገግታ፣ በትሕትና። ሰሞኑ ወር ይሆናል፤ ወሩ ዓመት ይሆናል። በቴሌግራም መልእክት እልካለሁ፤ መነበቡን የሚነግሩኝ ሁለት ጭረቶች ይታያሉ፤ ከዚያ ወዲያ ዝም። ወጣቶቹ ወዳጆቼ ሥራ ያመለከቱበት ቦታ እንዳልተቀበላቸው የሚያውቁት ሌላ ሰው ተቀጥሮ ሲያዩ ነው ይሉኛል። አንድ ሰው ፊታቸው ቆሞ «አልፈቀድኩም፤ ምክንያቱም እንዲህ ነው» ቢላቸው፣ ከዚያም «ጠላው አይቀርም» ቢላቸው ምን ነበረበት እያልኩ አዝናለሁ። ዝምታውን እንደ ጨዋነት የሚቆጥሩት ብዙ ናቸው። እኔ ግን አያቴን አስባለሁ፤ እሷ እምቢ የሚሏትንም የምትላቸውንም ፊት ለፊት ነበር የምታያቸው። ገበያ ላይ ቅቤ ሻጯ «በዚህ ዋጋ እምቢ!» ስትላት «እሺ እናቴ፣ ገበያ ይቅናሽ» ብላ ነበር የምታልፈው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ተሳስመው ይገበያያሉ። እናንተስ፣ ከዚያ ዘመን የምታስታውሱት እምቢ የለም? የሰጣችሁ ሰው ፊቱ ትዝ አይላችሁም?

ሰሞኑን የእህቴ ልጅ ከቨርጂኒያ ደወለችልኝ። እዚያ የምትኖር ናት፤ ትንሽ ሴት ልጅ አለቻት። በቪዲዮ ስንነጋገር ማእድ ቤቷ ይታየኛል፤ ከኋላ ጀበና ተጥዶ እንፋሎት ያወጣል። «ነይ ለአያትሽ ሰላም በያቸው» ብላ ሕፃኗን አቀረበቻት። ልጅቱ ስልኩ ውስጥ ያለሁትን ሽማግሌ ትክ ብላ አየችኝ። በእንግሊዝኛ ነው የምታወራው፤ አማርኛዋ ጥቂት ናት። «በይ እንጂ፣ ሰላም ነዎት በይ» አለቻት እናቷ። ልጅቱ ከንፈሯን ገጥማ፣ ምን ያህል እንደምታስብ ያስታውቃል፣ ከዚያ «እምቢ!» አለች። ም እና ብዋ የተስተካከሉ፣ እዚያው ማርቆስ የተወለደች ይመስል። እናቷ በኀፍረት ይቅርታ ልትጠይቀኝ ስትጀምር «ተያት፣ እኔስ ደስ ብሎኛል» አልኳት። ልጅቱ ስልኩን ትታ ሮጠች፤ እኛም እዚያ ቡና ስንት እንደገባ ማውራት ቀጠልን።